«ባለ 28 ጌጅ» ሲባል የማን 28?

የአንባቢው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የቤት ጣሪያ ለማልበስ ቆርቆሮ ፍለጋ ሦስት መደብር ዞርኩ። አንዱ ባለ 28 ጌጅ፣ ሌላው ባለ 32፣ ሦስተኛው ባለ 35 አቀረበልኝ። ቁጥሩ ሲበዛ ውፍረቱም የሚበዛ መስሎኝ 35ቱን ልይዝ ስል አናጢዬ ከለከለኝ። 28 የተባለውን በካሊፐር ስለካው ደግሞ 0.35 ሚሊ ሜትር ሆነ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የላከልኝ ሠንጠረዥ ግን 28 ጌጅ 0.475 ነው ይላል። ለመሆኑ ጌጅ የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ሻጩስ አታሎኛል?»

አናጢዎ ልክ ነው። በጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል፤ ሊይዙት የነበረው 35 ከሦስቱ ሁሉ ስሱ ነው። ትልቁ ስሕተት ግን እሱ አይደለም። ጌጅን እንደ ሚሊ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ፣ የትም ቢሄዱ አንድ የሆነ መለኪያ አድርገው ይዘውታል። ጌጅ ውፍረት አይደለም፤ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የተቀመጠ የተራ ቁጥር ነው። ሠንጠረዦቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የእርስዎ ካሊፐር፣ የሻጩ ቃልና የወንድምዎ ሠንጠረዥ ማንም ሳይዋሽ ሊለያዩ ይችላሉ። በነገራችን ላይ፣ በዋጋ ማቅረቢያ ላይ «ጂ-28» ተብሎ የሚጻፈው ጂ የጌጅ ምሕፃረ ቃል ነው እንጂ የጋልቫናይዝድም (ዚንክ የተለበጠ ማለት ነው) የግሬድም አይደለም።

ከቃሉ ልጀምር፤ ቃሉ ከተፈታ ግማሹ ግራ መጋባት አብሮ ይፈታል። የግንባታ ሠራተኛው አፍ በጣልያንኛ የተሞላ ነው፦ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ቱቦላሬ። ጌጅ ግን ከእንግሊዝ ብረታ ብረት ነጋዴ የመጣ ነው። እንግሊዞችም ቢሆኑ ከሰሜን ፈረንሳይ ሰዎች ነው የወሰዱት፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ በ15ኛው መቶ ዘመን እናገኘዋለን። የመጀመሪያ ትርጉሙ መለኪያ በትር ነው። የወይን በርሜል ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ለማወቅ ምልክት የተቀረጸበት በትር ይነከርበታል፤ ያ በትር ጌጅ ነበር፤ በሥራው የሚተዳደረው የቀረጥ ሹም ደግሞ ስሙን ከበትሩ ወረሰ። ቆይቶ ቃሉ ሰፋና አንድን ነገር ከተወሰነ ልክ ጋር የሚያስተያዩበት መሣሪያ ሁሉ ጌጅ ተባለ። የግፊት መለኪያውም፣ በሁለት ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀትም በዚሁ ስም ይጠራል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለማስረዳት ቁና ይበቃል። ቁና ዕቃ ነው፤ መስፈሪያም ነው። «ሁለት ቁና ጤፍ» ሲባል ዕቃው ራሱ የልኩ ስም ሆኗል። ያንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና እንደማይተካከል ደግሞ እህል የሸመተ ሁሉ ያውቃል፤ «በየትኛው ቁና?» ሳይባል ዋጋ አይቆረጥም። ጌጅም እንዲሁ ነው። የመሣሪያው ስም የልኩ ስም ሆነ፤ መሣሪያው ግን ከከተማ ከተማ፣ ከወርክሾፕ ወርክሾፕ ይለያይ ነበር።

አሁን ቁጥሩ ለምን ተገልብጦ እንደሚሄድ። የጌጅ ቁጥር የተወለደው በቆርቆሮ ላይ ሳይሆን በሽቦ ላይ ነው። ሽቦ የሚሠራው ብረትን በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በመሳብ ነው። የብረቱ ዘንግ ጫፉ ይሾላል፤ ሞራ ይቀባል፤ ጠንካራ የብረት ሰሌዳ ላይ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ በወዲያኛው ወገን በጉጠት ተይዞ ይሳባል። ሲወጣ ቀጥኗል፣ ረዝሟል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጠበብ ያለ ቀዳዳ ይሄዳል። የእኛ ብር አንጥረኞች የጌጥና የመስቀል ክር ሲያቀጥኑ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ልኩን የሚወስነው ብረቱ ራሱ ነው፦ ባንድ ጊዜ ብዙ ላቅጥን ካሉ ሽቦው ቀዳዳው ላይ ይበጠሳል፤ ጥቂት ጥቂት ካቀጠኑት ደግሞ ሥራው አያልቅም። ከጥቂት መሳብ በኋላም ብረቱ ስለሚደድር እሳት ውስጥ ቀልቶ፣ ቀስ ብሎ በርዶ መለስለስ አለበት።

የእንግሊዝ ሽቦ ሳቢዎች ሽቦውን የጠሩት በመሳቡ ተራ ነው። ወፍራሙ ዘንግ መነሻው ነው፤ ቁጥር 1 መጀመሪያ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ቀዳዳ ያለፈው ትልቅ ቁጥር ይይዛል። 28 ማለት እንግዲህ «ረጅም መንገድ ተጉዞ የቀጠነ» ማለት ነው። ቁጥሩ የሚቆጥረው ሥራውን እንጂ ብረቱን አይደለም። ከቁጥር 1 በላይ የወፈረ ሽቦ ሲያስፈልግ ከታች ሌላ ቁጥር ስላልነበረ ዜሮ ይደራርቡ ጀመር፦ ዜሮ፣ ሁለት ዜሮ፣ ሦስት ዜሮ፣ እስከ ሰባት ዜሮ ድረስ። የማይመች አቆጣጠር ነው፤ ማንም አስቦ ያወጣው ስላልሆነ ነው።

ገዢና ሻጭ የሚግባቡበት ደግሞ የጌጅ ሰሌዳ ነበር። ጥርሱ ዙሪያውን የተቆረጠ የዳቦ ቅርጽ ያለው ወይም ረዘም ያለ የደደረ ብረት ነው፤ በጠርዙ ላይ ከሰፊ ወደ ጠባብ የሚሄዱ ስንጥቆች አሉት፤ በየስንጥቁ መጨረሻ ክብ ቀዳዳ፣ በአጠገቡም ቁጥር አለ። ዛሬም ይሸጣል፤ እጅዎ ከገባ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ይወቁ፦ የሚለካው በስንጥቁ ነው፣ በክቡ ቀዳዳ አይደለም። ቀዳዳው ስንጥቁ ሲቆረጥ መሣሪያው እንዲወጣና ሽቦው አልፎ እንዲገባ የተተወ ክፍተት ብቻ ነው። ብረቱ ሳይገፋ ሳይለቅ ሸርተት ብሎ የሚገባበት፣ ቀጥሎ ባለው ጠባብ ግን የማይገባበት ስንጥቅ፣ ቁጥሩ እሱ ነው። ይህ ሰሌዳ በእጅ ስላለ የበርሚንግሃም ነጋዴዎች ለሽቦ የተሠራውን ለጠፍጣፋ ብረትም ይጠቀሙበት ጀመር፤ የሽቦ ቁጥር ወደ ላሜራና ቆርቆሮ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

ችግሩ ሰሌዳው ላይ ነበር። እያንዳንዱ ሽቦ ሳቢ የራሱ ቀዳዳዎች ነበሩት። አንዱ ሰሌዳ ከሌላው ይቀዳል፤ ቅጂው ደግሞ እንደገና ይቀዳል፤ በየጊዜው ብረት ሲገባበት ስንጥቁ ይበላና ይሰፋል። በዋሪንግተን ከተማ የሞረድ አምራች የነበረው የፒተር ስታብስ ድርጅት ሰሌዳዎች ሥራቸው ንጹሕ ስለነበረ በሰፊው ታመኑ፤ በ1847 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቻርልስ ሆልትዛፕፌል ልካቸውን በኢንች አሥርዮሽ ለክቶ ካወጣ በኋላ «የበርሚንግሃም ዋየር ጌጅ» የሚባለው ሠንጠረዥ በተግባር እሱ ሆነ። ሠንጠረዡን ሲመለከቱ ግን ከልምድ የተለቀመ እንጂ የተሰላ እንዳልሆነ ወዲያው ይታያል። ከ29 ወደ 30 ሲወርዱ ብረቱ የሚሳሳው 8 በመቶ ያህል ነው፤ ከ34 ወደ 35 ሲወርዱ ግን ከ0.007 ኢንች ወደ 0.005 ኢንች ይዘላል፣ ባንድ ቁጥር 29 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ያው የስታብስ ቤት ለብረት ሽቦ አንድ ጌጅ፣ ለአረብ ብረት ዘንግ ሌላ ጌጅ ነበረው። በሁለተኛው 28 ማለት 3.5 ሚ.ሜ. ገደማ ነው፤ የቆርቆሮ 28 ዐሥር እጥፍ ያህል!

የእንግሊዝ መንግሥት በስተመጨረሻ ጣልቃ ገባ። ነሐሴ 1883 በወጣ ትእዛዝ ስታንዳርድ ዋየር ጌጅ ታወጀና ከማርች 1 ቀን 1884 ጀምሮ ሕጋዊ ሆነ። ይህኛው ከሰባት ዜሮ፣ ማለትም ግማሽ ኢንች፣ ይነሳና እስከ ቁጥር 50፣ ማለትም የኢንች አንድ ሺህኛ፣ ይወርዳል። ለጠፍጣፋና ለጥቅል ብረት ደግሞ በ1914 ሌላ ጌጅ፣ በርሚንግሃም ጌጅ የሚባለው፣ ሕጋዊ ተደረገ። ስሙ ከአሮጌው የበርሚንግሃም ዋየር ጌጅ ጋር እስኪያምታታ ይመሳሰላል፤ ልኩ ግን ሌላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የተስተካከለው እሱ ነው። በየስድስት ቁጥሩ ውፍረቱ በትክክል በግማሽ ይወርዳል፦ ቁጥር 10 የኢንች ስምንተኛ ነው፣ 16 ዐሥራ ስድስተኛ፣ 22 ሠላሳ ሁለተኛ፣ 28 ስልሳ አራተኛ። ለቆርቆሮ ሰው መታወስ ያለበት ይህኛው ነበር፤ ግን ከሽቦው ጌጅ ጋር እንደተቀላቀለ ቀረ።

አሜሪካኖች በራሳቸው መንገድ ሄዱ። ብራውን እና ሻርፕ የተባለው ኩባንያ በ1857 ያወጣው ጌጅ ዛሬ ለኤሌክትሪክ ሽቦና ለአሉሚኒየም ያገለግላል። ለብረት ላሜራ ግን ኮንግረሱ በ1893 ሌላ ሕግ አወጣ፤ እሱም የተመሠረተው በውፍረት ሳይሆን በክብደት ላይ ነው። በዚያ ስሌት 28 ማለት በካሬ ጫማ 10 አውንስ ነው። ዚንክ ለተለበጠው ደግሞ በላዩ 2.5 አውንስ ጨምረው 12.5 አውንስ አደረጉት፤ ወደ ውፍረት ሲቀየር 0.0187 ኢንች፣ ማለትም 0.475 ሚ.ሜ. ይሆናል። የወንድምዎ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ልብ ይበሉ፣ 2.5 አውንስ በካሬ ጫማ ወደ 760 ግራም በካሬ ሜትር ነው፤ ዛሬ ለጣሪያ የሚሸጠው የተለመደ ቆርቆሮ የዚያን ሲሶ እንኳ ዚንክ አይሸከም ይሆናል፣ ቁጥሩ ግን እንዳለ ቀርቷል።

እንግዲህ የእርስዎን 28 በአራት ቁና እንስፈረው። በአሮጌው በርሚንግሃም ዋየር ጌጅ 0.356 ሚ.ሜ. ነው። በእንግሊዝ ስታንዳርድ ዋየር ጌጅ 0.376። በ1914ቱ የእንግሊዝ የላሜራ ጌጅ 0.397። በአሜሪካ የተለበጠ ቆርቆሮ ጌጅ 0.475። አሉሚኒየም ቢሆን በአሜሪካኖቹ 0.32 ብቻ ነው። ወደ ስሱ ጫፍ ስንሄድ ልዩነቱ ይብሳል። 32 በሦስቱ የእንግሊዝ ሠንጠረዦች በተራ 0.229፣ 0.274 እና 0.249 ነው። 35 ደግሞ 0.127፣ 0.213 እና 0.177። ባለ 35 ጌጅ ብሎ የሚሸጥ ሰው 0.13ም ሰጠ 0.21 ከአንዱ ሠንጠረዥ ጋር ይስማማል ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ርካሹ ዕቃ ባለበት ቦታ ቃሉ ይበልጥ ልል መሆኑ ለገዢ መጥፎ አጋጣሚ ነው።

ይህ አሮጌ የሽቦ ቁጥር ሳናውቀው ሌላም ቦታ እንገናኘዋለን። ነርሷ «ካኑላ 18 አምጡ» ስትል የምትጠራው የበርሚንግሃሙን ዋየር ጌጅ ነው፤ ለዚህ ነው አረንጓዴው 18 ከሮዙ 20፣ ሮዙም ከሰማያዊው 22 የሚወፍረው። በአንጻሩ የ12 ጌጅ አደን ጠመንጃ ከሽቦ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቁጥሩ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት የአፈሙዙ ልክ ድቡልቡል ጥይት እንደሚወጣ ይናገራል። እዚያም ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠባል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ወደ ካሊፐርዎ እንመለስ። የለኩት 0.35 ሚ.ሜ. እንደ ተራ ማስረጃ ይሁን እንጂ ፍርድ አይሰጥበትም። በገበያ የሚገኝ ካሊፐር መቶኛ ሚሊ ሜትር ያሳይ እንጂ በሁለት ሦስት መቶኛ ቢሳሳት አይደንቅም፤ በ0.35 ላይ ሦስት መቶኛ ደግሞ ሙሉ አንድ የጌጅ ቁጥር ነው። ለዚህ የተሠራው ማይክሮሜትር ነው። በማይክሮሜትርም ቢሆን የሚለካበት ቦታ ይለያል። የቆርቆሮው ጠርዝ ሲቆረጥ ወደ አንድ ወገን ስለሚገለበጥ እዚያ የተለካ ውፍረት ሁልጊዜ ይበዛል፤ ከጠርዙ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይግቡ። ሞገዱ የታጠፈበት ላይ ከለኩ የመሣሪያው ጠፍጣፋ መንጋጋ በክቡ ላይ ስለማይተኛ አሁንም ይበዛል። ሜዳ ያለበትን ቦታ ይፈልጉና ሦስት ቦታ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ደራርቦ ለክቶ ለቁጥሩ ማካፈል ለወረቀት እንጂ ለተሸነተረ ቆርቆሮ አይሠራም፤ በመካከል አየር ይገባል።

ከዚያ የሚቀነስ አለ። ካሊፐሩ የሚያየው ብረቱን፣ በሁለት ወገን ያለውን ዚንክና ካለም ቀለሙን በአንድ ላይ ነው። በሁለቱ ገጽ ድምር 100 ግራም በካሬ ሜትር የሆነ ዚንክ 0.014 ሚ.ሜ. ያህል ይጨምራል፤ 275 ግራም የሆነው ወደ 0.04 ይጠጋል። ቀለም የተቀባ ከሆነ ሌላ ሦስት መቶኛ ያህል አለ። ስለዚህ የእርስዎ 0.35 ያልተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ ውስጡ ያለው ብረት ከ0.31 እስከ 0.34 ባለው መካከል ነው። ይህ በስታንዳርዱ ጌጅ ወደ 29 እና 30 የተጠጋ እንጂ 28 አይደለም።

ማይክሮሜትር ከሌለ ሚዛን አለ፤ ለቆርቆሮ እንዲያውም ሚዛኑ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዓይንና እጅ አያታልሉትም። የአንድ ካሬ ሜትር ብረት ክብደት በየሚሊ ሜትሩ ውፍረት 7.85 ኪሎ ነው። ዐሥር ቆርቆሮ ባንድነት ይመዝኑ፤ አንድ ብቻ ከመዘኑ የሚዛኑ ስሕተት ውጤቱን ይውጠዋል። ስፋቱን ሲለኩ ግን ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ አይዘርጉት፤ ሲባጎ ወስደው በየሞገዱ ጉብታና ጎድጓዳ ላይ አስተኝተው እሱን ይለኩ። ወደ 88 ሳንቲ ሜትር የሚመስለው ቆርቆሮ በሲባጎ አንድ ሜትር ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ 2 ሜትር ከሆነ እንግዲህ አንዱ ቆርቆሮ 2 ካሬ ሜትር ብረት አለው። ዐሥሩ 52 ኪሎ መዘኑ እንበል። ዚንኩ 100 ግራም በካሬ ሜትር ከሆነ ከሃያው ካሬ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ይቀነሳል፤ 50 ኪሎ ይቀራል። 50ን ለ20፣ ከዚያም ለ7.85 ሲያካፍሉት 0.318 ሚ.ሜ. ይወጣል። በስታንዳርዱ ጌጅ እውነተኛ 28 ቢሆን ኖሮ ዐሥሩ 61 ኪሎ ያህል በመዘኑ ነበር። ሲባጎውን ትተው 88 ሳንቲ ሜትሩን ቢይዙ ያው 52 ኪሎ 0.36 ይሰጥዎታል፤ ስሱን ወፍራም አድርጎ የሚያሳይ ስሕተት ይህ ነው።

ሻጩ አታሎኛል ወይ ላሉት፦ በዚህ መረጃ ብቻ አታሎዎታል ማለት አይቻልም። በአሮጌው የበርሚንግሃም ሠንጠረዥ 28 የሚባለው 0.356 ነው፤ ጠቅላላ ውፍረቱን ይዞ 0.35 ለሚሸጥ ሰው መሸሸጊያ አለው፣ ፋብሪካም ጥቂት መቶኛ ከፍ ዝቅ ቢል ይፈቀድለታል። ብዙ ቸርቻሪ ደግሞ ጆንያው ወይም ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ይደግማል እንጂ ሠንጠረዥ አያውቅም። ነገር ግን 28 ተብሎ 0.30 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ በየትኛውም የቆርቆሮ ሠንጠረዥ አይከላከልም፤ ይመልሱት።

የጌጅ ቁጥር ፈጽሞ የማይነግርዎትም አለ። ስለ ዚንኩ ዝም ነው። የጣሪያን ዕድሜ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ዚንኩ ነው እንጂ የብረቱ ውፍረት አይደለም፤ ዚንኩ በየዓመቱ በጥቂቱ ይበላል፤ ካለቀ በኋላ ወፍራሙም ስሱም ይዝጋል። በሁለት ገጽ 100 ግራም ማለት በአንድ ወገን 7 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ብቻ ነው፤ 275 ግራም ማለት 20 ማይክሮን ያህል። በዓመት አንድ ማይክሮን በሚበላበት አካባቢ የመጀመሪያው ሰባት ዓመት፣ ሁለተኛው ሃያ ዓመት ይጠብቃል። ሁለቱም ቆርቆሮዎች ግን «ባለ 28» ናቸው። አንድ ወጥመድም አለ፦ በአሜሪካ ሰነድ ላይ ጂ-60 ወይም ጂ-90 ካዩ እዚያ ጂ የጌጅ አይደለችም፤ የዚንኩ ክብደት ናት፣ 0.60 ወይም 0.90 አውንስ በካሬ ጫማ። ጂ-90 ከ275 ግራም ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ውፍረቱ ለብቻው ይጻፋል።

መሳሳት የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ በቁጥሩ ልክ አይደለም። ሞገዱ አንድ ዓይነት ሆኖ ብረቱ ከ0.376 ወደ 0.25 ቢወርድ ውፍረቱ የቀነሰው ሲሶ ነው፤ ሰው ሲረግጠው ሞገዱ እንዳይጎደጉድ የሚከላከልበት አቅም ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ይህ አቅም ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ። ነፋስ ሲያነሳውም መጀመሪያ የሚሰጠው እንጨቱ ወይም ሚስማሩ ሳይሆን በሚስማሩ ራስ ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ተቀዶ ሚስማሩን ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ስሱን የሚገዛ ሰው ያተረፈውን ገንዘብ ቆርቆሮው የሚመታበትን እንጨት በማቀራረብና በተጨማሪ ሚስማር ያወጣዋል።

ምክሬ አንድ ነው፦ ከሻጭ ጋር በጌጅ አይዋዋሉ። እንግሊዞች ራሳቸው ከ1965 በኋላ ወደ ሜትሪክ ሲዞሩ ላሜራና ቆርቆሮን በሚሊ ሜትር መሸጥ ጀምረዋል፤ እኛ የእነሱን አሮጌ ቁጥር የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። ለመኖሪያ ቤት ጣሪያ ዋጋ ማቅረቢያው ላይ እንዲህ ብለው ያስጽፉ፦ «የብረቱ ውፍረት ያለ ዚንክና ያለ ቀለም ከ0.37 ሚ.ሜ. ያላነሰ፤ ዚንክ በሁለቱ ገጽ ድምር በካሬ ሜትር ከ180 ግራም ያላነሰ፤ በርክክብ ጊዜ ዐሥር ቆርቆሮ ተመዝኖ የሚረጋገጥ»። 275 ግራም ካገኙና አቅምዎ ከፈቀደ እሱን ይውሰዱ፤ ከ0.37 ወደ 0.40 ለመውጣት ከሚከፍሉት ይልቅ ለዚንኩ የሚከፍሉት ይጠቅምዎታል። 32ን ለዕቃ ቤት ወይም ለከብት በረት፣ 35ን ለጊዜያዊ አጥር ይተዉት። ከአሜሪካ ዕቃ የሚያስመጡ ከሆነ ወንድምዎ ቁጥሩን ሳይሆን የአምራቹን ውፍረት በኢንች ይላክልዎት፤ በ25.4 ሲያባዙት ሚሊ ሜትሩ ይወጣል። የተለበጠው ቆርቆሮ ላይ ያ ውፍረት ዚንኩን የጨመረ መሆኑንም ያስጠይቁ።

ሻጩ «እኛ ሚሊ አናውቅም፣ ጌጅ ነው የምናውቀው» ቢልዎት ክርክር አያስፈልግም። ሲባጎና ሚዛን ይዘው ይሂዱ፤ ዐሥሩ ቆርቆሮ ስንት ኪሎ መመዘን እንዳለበት ቀድመው አስልተው ወረቀት ላይ ይያዙ። በሲባጎ አንድ ሜትር ለሚሆን የ2 ሜትር ቆርቆሮ 180 ግራም ዚንክ ይዞ ቁጥሩ 61 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው፤ ለሚዛኑ ስሕተትና ለፋብሪካው ከፍ ዝቅ ትንሽ ትተው፣ ከ58 በታች ከሆነ አይረከቡ።